ማደያው የማይነግረን ቁጥር
ስለ ዝቅተኛ ድኝ ናፍጣና ስለ መደበኛው ናፍጣ የተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ማደያ ገብታችሁ ናፍጣ ስትቀዱ ቆጣሪው ሁለት ነገር ይነግራችኋል፤ ስንት ሊትር እንደገባና ስንት ብር እንደምትከፍሉ። ሦስተኛ ቁጥር አለ፤ እሱን ማሽኑ አያሳይም። በዚያ ናፍጣ ውስጥ ምን ያህል ድኝ፣ ማለትም ሰልፈር፣ እንዳለ የሚናገረው ቁጥር ነው። ዛሬ የምናወራው ስለ እሱ ነው። ቁጥሩ ሹፌሩንም የመኪናውን ባለቤትም መካኒኩንም ይመለከታል፤ ከሁሉም በላይ ግን መንገድ ዳር ቆሞ ታክሲ የሚጠብቀውን፣ ናፍጣ ገዝቶ የማያውቀውን ሰው ሳይመለከት አይቀርም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልናገር።

በመለኪያው እንጀምር። አንድ ቶን ናፍጣ አንድ ሚሊዮን ግራም ነው። በዚያ ውስጥ 10 ግራም ድኝ ከተገኘ ናፍጣው 10 ፒፒኤም ነው ይባላል፤ 5,000 ግራም ከተገኘ ደግሞ 5,000 ፒፒኤም፣ በመቶኛ ሲነገር 0.5 በመቶ። ሁለቱም ናፍጣ ናቸው። ሁለቱም ሞተር ያስነሳሉ፣ ሁለቱም ጭነት ይጎትታሉ፣ ብርጭቆ ውስጥ ቢቀመጡ ብዙ ሰው ለይቶ አያውቃቸውም።

ልዩነቱ የሚታየው ስናሰላው ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ 840 ግራም ገደማ ይመዝናል። 300 ሊትር የሚይዝ የጭነት መኪና በ5,000 ፒፒኤም ናፍጣ ታንኩን ከሞላ፣ ከጭነቱ ሌላ አንድ ኪሎ ከሩብ የሚሆን ድኝ ተሸክሞ ነው የሚነሳው። ድኙ ሲቃጠል ከአየር ኦክስጅን ይወስድና ክብደቱ እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ታንኩ ሲያልቅ 2.5 ኪሎ ያህል ሰልፈር ዳይኦክሳይድ መንገዱ ላይ ተበትኗል። ያው መኪና በያው መንገድ 10 ፒፒኤም ናፍጣ ቀድቶ ቢሄድ፣ ታንኩ ውስጥ ያለው ድኝ በጠቅላላው 2.5 ግራም ነው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ አይሞላም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ። «መደበኛ» እና «ዝቅተኛ» የሚሉት ስሞች እንደ ዘመኑና እንደ አገሩ ይለዋወጣሉ። አሜሪካ እስከ 1993 ድረስ ለመንገድ መኪኖች የሚሸጠው ናፍጣ እስከ 5,000 ፒፒኤም ይደርስ ነበር። በዚያ ዓመት ጥቅምት ወር ጣሪያው ወደ 500 ወረደና አዲሱ ናፍጣ ዝቅተኛ ድኝ ተባለ። ዛሬ እዚያው አገር 500 ፒፒኤም ናፍጣ ለመንገድ መኪና መሸጥ ክልክል ነው፤ የሚፈቀደው 15 ብቻ ነው። አውሮፓ ደግሞ በ1996 ከ500 ተነሥታ፣ በ2000 ወደ 350፣ በ2005 ወደ 50፣ በ2009 ወደ 10 ወርዳለች። ስለዚህ አንድ ነጋዴ «ናፍጣዬ ዝቅተኛ ድኝ ነው» ቢላችሁ፣ «ስንት ፒፒኤም?» ብላችሁ መልሳችሁ ጠይቁት።

ድኙን ናፍጣ ውስጥ ማንም አልጨመረውም። ድፍድፍ ነዳጅ የተፈጠረው በጥንት ባሕሮች ወለል ላይ ከተቀበሩ ጥቃቅን ሕያዋን ነው። የባሕር ውኃ ውስጥ ያለው ድኝ በባክቴሪያ ሥራ ተለውጦ ከዚያ ብስባሽ ጋር ተዋሐደ፤ በሚሊዮኖች ዓመታትም ከነዳጁ ካርቦን ጋር ተቆላለፈ። መጠኑ ከጉድጓድ ጉድጓድ ይለያያል። የናይጄሪያ ቦኒ ላይት የሚባለው ድፍድፍ ድኙ ከ0.2 በመቶ በታች ነው፤ የኩዌት ድፍድፍ 2.5 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። ናይጄሪያ ከዓለም ንጹሕ ከሚባሉት ድፍድፎች አንዱን እየሸጠች ለረጅም ዓመታት ከውጭ ገዝታ ያስገባችው ግን ድኝ የበዛበትን ናፍጣ ነበር። ወደዚህ ነገር ኋላ እመለሳለሁ።

ማጣሪያ ፋብሪካ ድኙን የሚያወጣው በሃይድሮጅን ነው። ናፍጣው ከሃይድሮጅን ጋር ተደባልቆ ከ300 እስከ 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል፤ ከተራው የአየር ግፊት በብዙ አሥር እጥፍ በሚበልጥ ግፊትም ኮባልትና ሞሊብዲነም ባረፈባቸው ትንንሽ እንክብሎች መካከል እንዲያልፍ ይደረጋል። እዚያ ሃይድሮጅኑ ድኙን ከካርቦኑ ነቅሎ ለራሱ ይወስደውና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይሆናል፤ እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸት መርዘኛ ጋዝ ነው። ጋዙ ተለይቶ ክላውስ በሚባል ሂደት ተመልሶ ቢጫ ድኝ ይሆናል፤ ዳሎል ላይ መሬቱን አልብሶት የምናየው ዓይነት። ዛሬ በዓለም ገበያ የሚሸጠው አብዛኛው ድኝ ከማዕድን ጉድጓድ የወጣ ሳይሆን ከነዳጅና ከተፈጥሮ ጋዝ የተነቀለ ነው። ከእሱ ሰልፈሪክ አሲድ ይሠራል፣ በአሲዱ የፎስፌት ድንጋይ ይሟሟል፣ ከዚያም ገበሬያችን ዳፕ ብሎ የሚያውቀው ማዳበሪያ ይመረታል። ከጭስ ማውጫ ሲወጣ የሚጎዳን ነገር ፋብሪካው ላይ ቢቀር ማሳ ላይ ይጠቅማል ማለት ነው።

ታዲያ ይህን ያህል የታወቀ ሥራ ከሆነ ሁሉም ፋብሪካ ለምን አይሠራውም? ምክንያቱ የመጨረሻው ድኝ ላይ ነው። ከ5,000 ወደ 500 መውረድ ያን ያህል አያስጨንቅም፤ ገላጣ ቦታ ላይ የተቀመጠው ድኝ በቀላሉ ይለቃል። ከ500 ወደ 10 ሲወረድ የሚቀሩት ግን ዳይቤንዞታዮፊን ከሚባለው ቤተሰብ የሆኑ ሞለኪውሎች ናቸው። በእነዚህ ላይ የድኙ አቶም በሁለት የካርቦን ቀለበቶች መካከል ተሸጉጧል፤ በግራና በቀኙ ደግሞ ሜቲል የሚባሉ ጎረቤቶች ቆመው መንገድ ይዘጋሉ። እንክብሉ ወደ ድኙ መድረስ ያቅተዋል። መፍትሔው ከፍ ያለ ግፊት፣ ብዙ ሃይድሮጅንና ትልቅ የማጣሪያ ጋን ነው፤ ይህ ሁሉ ከባድ ገንዘብ ይጠይቃል። አሮጌ ፋብሪካ ያላቸው አገሮች ወደኋላ የሚጎተቱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ምክንያታቸው እውነት መሆኑን አልክድም።

አሁን ወደ ሞተሩ እንግባ። ብዙ ሰው አንድ አይሱዙ ጥቁር ጭስ እያንቦለቦለ ዳገት ሲወጣ ሲያይ «ናፍጣው ቆሻሻ ነው» ይላል። ጥቁሩ ጭስ ግን በዋናነት ያልተቃጠለ ካርቦን ነው። የሚመጣው ከተደፈነ የአየር ፊልትሮ፣ ከተበላ ኖዝል፣ ከመጠን በላይ ናፍጣ እንዲሰጥ ከተነካካ ፖምፓ፣ ከመጠን ካለፈ ጭነትም ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሌላ ምክንያት ይጨመራል፤ ከተማይቱ ካለችበት ከፍታ የተነሣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ያንሳል፣ ሞተሩ የሚተነፍሰው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። እንዲህ ያለ መኪና ላይ 10 ፒፒኤም ናፍጣ ብትሞሉበት ጥቁሩ ጭስ አይጠፋም። ይህን በግልጽ የምናገረው ንጹሕ ናፍጣ ሲመጣ ከተማው በአንድ ሳምንት የሚጠራ መስሎት ቆይቶ በኋላ «ዋሹን» የሚል ሰው እንዳይኖር ነው።

የድኙ ሥራ ከጥቁሩ ጭስ የተለየና የተደበቀ ነው። ሲቃጠል አብዛኛው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ጥቂቱ አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ከእንፋሎት ጋር ሲገናኝ ሰልፈሪክ አሲድ ይሆናል። አሲዱ ከፊሉ ሞተሩ ውስጥ ይቀርና የሲሊንደሩን ግድግዳ ይበላል፣ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። የናፍጣ ሞተር ዘይት ውስጥ አሲድ የሚያመክን ቅመም አለ፤ ድኝ ሲበዛ ቅመሙ ቶሎ ያልቃል። የሞተር አምራቾች ድኝ በበዛበት አገር ዘይት የሚቀየርበትን ጊዜ አሳጥሩ የሚሉት ለዚህ ነው። ከቱቦው የወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ደግሞ አየር ላይ ቀስ በቀስ ወደ ሰልፌት ብናኝ ይለወጣል። ይህ ብናኝ ዓይን አያየውም፣ ግን ሳንባ ጥልቅ ድረስ ይዘልቃል። ከዚህ አንጻር የድኝ መቀነስ አሮጌውንም አዲሱንም መኪና ወዲያውኑ ይመለከታል።

እስካሁን ያልኩት ግን ከነገሩ ግማሹ እንኳ አይሆንም። ዝቅተኛ ድኝ ናፍጣ የተፈለገበት ትልቁ ምክንያት ጭስ ማውጫው ላይ የሚገጠመውን መሣሪያ በሕይወት ለማቆየት ነው። ከዛሬው ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ፤ ናፍጣውና መኪናው አንድ ማሽን ናቸው፣ ተነጣጥለው ንጹሕ መሆን አይችሉም።

መሣሪያው ምንድን ነው? በዘመናዊ የናፍጣ መኪና ላይ፣ ከማርሚታው በፊት፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች የተሞላ የሸክላ ፊልትሮ አለ። ቀዳዳዎቹ እየተፈራረቁ አንዱ በዚህ ጫፍ፣ ሌላው በዚያ ጫፍ ተደፍነዋል፤ ጭሱ የግድ በሸክላው ግድግዳ ሰርጎ ማለፍ አለበት። ጋዙ ያልፋል፣ ጥላሸቱ ይቀራል። የተጠራቀመው ጥላሸት ካልተቃጠለ ግን ፊልትሮው ተደፍኖ ሞተሩን ያፍነዋል። ስለዚህ ከፊቱ ፕላቲነም የተቀባ ሌላ ክፍል ይቀመጣል፤ እሱ በጭሱ ውስጥ ያለውን ናይትሪክ ኦክሳይድ ወደ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል፣ ያ ደግሞ ጥላሸቱን መኪናው እየተጓዘ በመጠነኛ ሙቀት ያቃጥለዋል። አሜሪካ ትራክ የሚነዱ ወገኖቻችን «ሪጄን አደረገ» የሚሉት ይህ በራሱ ሳይበቃ ቀርቶ ኮምፒውተሩ ተጨማሪ ናፍጣ ረጭቶ ሙቀቱን ወደ 600 ዲግሪ ገደማ ሲያወጣው ነው።

ድኝ የሚያበላሸው ፕላቲነሙን ነው። የፕላቲነሙን ገጽ እንደ ሚኒባስ ወንበሮች አስቡት፤ ጋዞቹ ተራ በተራ ይሳፈራሉ፣ ተለውጠው ይወርዳሉ፣ ሌላው ይተካል። ድኝ ግን ተሳፍሮ የማይወርድ ሰው ነው። ወንበሩ በእሱ ሲሞላ ሥራው ይቆማል፣ ጥላሸቱ አይቃጠልም፣ ፊልትሮው ይደፈናል። ይባስ ብሎ ፕላቲነሙ ራሱ ሰልፈር ዳይኦክሳይዱን ወደ ሰልፌት መለወጥ ይጀምራል፤ ጭስ እንዲያጠራ የተገጠመው ዕቃ የብናኝ ፋብሪካ ሆኖ ቁጭ ይላል። ባለ 5,000 ፒፒኤም ናፍጣ በሚሸጥበት አገር እንዲህ ያለ መኪና ማስገባት ትርፉ ይህ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣውን መካኒኮች ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል፣ መኪናው ጉልበት ያጣል፣ ባለቤቱ ተናዶ ፊልትሮውን ያስወጣዋል፣ በቦታው ባዶ ቱቦ ይበየዳል፣ ኮምፒውተሩም «ፊልትሮ የለም» ተብሎ ይታለላል። መኪናው ተመልሶ ይሮጣል። በወረቀት ዩሮ 5 የተባለውን የአውሮፓ የጭስ ደረጃ ያሟላል፤ ከቱቦው የሚወጣው ግን ከሃያ ዓመት በፊት የተሠራ መኪና ጭስ ነው። መካኒኩን ብቻ ለመውቀስ አልቸኩልም። ለዚያ ፊልትሮ የሚስማማ ናፍጣ ያላገኘ ሰው ምን ያድርግ?

አሜሪካኖች ይህን ቀድመው ስለተረዱ የናፍጣውንና የመኪናውን ሕግ በአንድ ሰነድ አሰሩት። የአካባቢ ጥበቃ ተቋማቸው በ2001 መጀመሪያ ባወጣው ደንብ፣ ከ2006 ጀምሮ ናፍጣው 15 ፒፒኤም እንዲሆን፣ ከ2007 ሞዴል ጀምሮ ደግሞ ከባድ መኪኖች ብናኛቸውን በ90 በመቶ እንዲቀንሱ አዘዘ። ናይትሮጅን ኦክሳይድን በ95 በመቶ የመቀነሱ ግዴታ ቀስ በቀስ ገብቶ በ2010 ተሟላ። ይህንኑ ጋዝ ለመቀነስ ሹፌሮቹ «ዴፍ» የሚሉት የዩሪያ ፈሳሽ የመጣው በዚያን ጊዜ ነው። ተቋሙ እንደ ገመተው በ2030 ደንቡ በሙሉ ሲሠራ በየዓመቱ 8,300 ያለ ዕድሜ የሚመጡ ሞቶችን ያስቀራል፤ ለማጣሪያ የሚጨመረው ወጪ ደግሞ በጋሎን ከ4 እስከ 5 ሳንቲም ነበር። ጋሎን አራት ሊትር አይሞላም፤ በሊትር ሲሰላ ከአንድ የአሜሪካ ሳንቲም ብዙ የማይበልጥ ወጪ ነው።

ሽግግሩ በአንድ ቀን አልሆነም። እስከ 2010 ድረስ ሁለቱ ናፍጣዎች ጎን ለጎን እንዲሸጡ ተፈቅዶ ነበር፤ ማደያዎቹ ላይም ከ2007 ወዲህ የተሠራ መኪና የትኛውን መቅዳት እንዳለበት የሚያስጠነቅቅ ወረቀት ተለጠፈ። ይህ እንደ መሸጋገሪያ ይሁን፤ እንደ ቋሚ ሥርዓት ግን አይመከርም። ደቡብ አፍሪካ 50 እና 500 ፒፒኤም ናፍጣ ለዓመታት ጎን ለጎን ሸጣለች። ርካሹ ከጎኑ ካለ ርካሹን የሚቀዳ ሹፌር አይጠፋም።

አሁን ደግሞ ፍርሃቱን እንይ፤ «ንጹሕ ናፍጣ አሮጌ ሞተር ይገድላል» የሚለውን። አሉባልታ ብቻ አይደለም፣ መነሻ አለው። ስዊድን በ1991 ከዓለም ቀድማ 10 ፒፒኤም የሆነ ናፍጣ ለገበያ አወጣች። ብዙም ሳይቆይ አንዳንድ መኪኖች ላይ የናፍጣ ፖምፓዎች ያለጊዜያቸው መበላት ጀመሩ፤ በተለይ የሚሽከረከረው ዓይነት፣ ውስጡን የሚያለሰልሰው ናፍጣው ራሱ የሆነው ፖምፓ። ሰው ሁሉ «ድኝ ቅባት ነበር ማለት ነው» አለ። ነገሩ ሲጣራ ሌላ ሆነ። ሃይድሮጅኑ ድኙን ሲነቅል አብረው የነበሩትን ናይትሮጅንና ኦክስጅን ያዘሉ ጥቂት ውሕዶችም ይዞ ሄዷል፤ ብረቱን ከብረት የሚያለያየውን ስስ ሽፋን ይፈጥሩ የነበሩት እነሱ ናቸው።

መድኃኒቱ በጣም ቀላል ሆኖ ተገኘ። ማጣሪያው ወይም የነዳጅ መጋዘኑ ጥቂት የማለስለሻ ቅመም ይጨምራል፤ ወይም ከአትክልት ዘይት የተሠራ ባዮዲዝል ሁለት በመቶ ያህል ይደባለቃል። ማረጋገጫውም ደስ የሚል ፈተና ነው። 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት የብረት ኳስ ናፍጣ ውስጥ በተነከረ የብረት ሰሌዳ ላይ ለ75 ደቂቃ ትታሻለች፣ ከዚያ ኳሷ ላይ የተፈጠረው ጠባሳ በማይክሮስኮፕ ይለካል። አውሮፓ ከ460 ማይክሮሜትር በላይ ጠባሳ የሚያወጣ ናፍጣ አይቀበልም፤ አሜሪካ ከ2005 ጀምሮ ገደቡን 520 አድርጋለች። ይህን ፈተና ያለፈ 10 ፒፒኤም ናፍጣ አሮጌ ፖምፓ አይጎዳም። ፖምፓ የሚጎዳው ሌላ ነው፤ ሰው ንጹሑን ናፍጣ እየፈራ በላምባ የተደባለቀውን ርካሽ ናፍጣ ሳያቅማማ ይቀዳል፤ ላምባ ደግሞ ከናፍጣ ይልቅ ደረቅ ነው።

ሌላው መነሻ ካሊፎርኒያ ነው። በ1993 መጨረሻ አዲሱ ናፍጣ ሲገባ አንዳንድ መኪኖች ከፖምፓቸው ናፍጣ ማንጠባጠብ ጀመሩ። ጥፋቱ ያረጀው የላስቲክ ቀለበት ላይ ነበር። የድሮው ናፍጣ አሮማቲክ የሚባሉ ውሕዶች ስለበዙበት ላስቲኩን ያሳብጠው ነበር፤ አዲሱ ሲመጣ ላስቲኩ ተሸበሸበና ክፍተት ፈጠረ። አዲስ ቀለበት ሲቀየር ችግሩ ቆመ። አሮጌ መኪና ያላችሁ ሰዎች የናፍጣው ዓይነት በተቀየረ ሰሞን ፖምፓው ሥር አጎንብሳችሁ ማየት አይከፋም። ጉልበት ይቀንሳል የሚለው ወሬም እንዲሁ ትንሽ እውነት አለው፤ ከተጣራው ናፍጣ በሊትር የሚገኘው ኃይል አንድ በመቶ ያህል ሊያንስ ይችላል። ዳገት ላይ ይህን የሚለይ ሹፌር ካለ ሞተሩ ሳይሆን ጆሮው ነው የሚደነቀው።

ስለ ጤና ብዙ አልናገርም፤ ሐኪሞች ይበልጥ ያውቁታል። የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በሰኔ 2012 የናፍጣ ሞተር ጭስን ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ነገሮች ተራ መድቦታል። እዚያው ተራ ላይ የሲጋራ ጭስና አስቤስቶስ አሉ። ምድቡ ማስረጃው ምን ያህል ጽኑ እንደሆነ ነው የሚናገረው፤ አንዱ ከሌላው እኩል ይገድላል ማለት አይደለም።

ወደ አህጉራችን ልምጣ። በ2016 ፐብሊክ አይ የተባለ የስዊስ ተቋም ከስምንት የአፍሪካ አገሮች ማደያዎች ናሙና ሰብስቦ ባስመረመረው መሠረት ከፍተኛው፣ ከማሊ የተገኘው፣ 3,780 ፒፒኤም ነበር፤ ከአውሮፓ ጣሪያ 378 ጊዜ ይበልጣል። ሪፖርቱ ያጋለጠው ነገር ሕገ ወጥ አልነበረም፤ የሚያናድደውም ይህ ነው። የነዳጅ ነጋዴዎች በየአገሩ ሕግ የሚፈቀደውን ያህል ድኝ ያለው ናፍጣ በአውሮፓ ወደቦች ቀላቅለው ይልኩ ነበር። ጣሪያው 3,000 ከሆነ ናፍጣውም ወደ 3,000 ይጠጋል። ጣሪያው ሲወርድ አብሮ ይወርዳል፤ ጋና በሐምሌ 2017 ከ3,000 ወደ 50 ስትወርድ ያንኑ ናፍጣ የሚያቀርበው ገበያ 50 ማቅረብ አላቃተውም።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የምሥራቅ አፍሪካው ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ የዚያን ጊዜ አባል አገሮች፣ ኬንያ፣ ዑጋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ሩዋንዳና ቡሩንዲ፣ ከ2015 ጀምሮ 50 ፒፒኤምን መስፈርታቸው አድርገዋል። የኬንያ የሞምባሳ ማጣሪያ በ2013 ድፍድፍ ማጣራት አቁሞ ነበር። የራስ ማጣሪያ አለመኖር በሌላ ነገር ጉዳት ነው፤ በዚህ ነገር ግን ነፃነት ሰጠ። ፋብሪካ ለማደስ ቢሊዮን ዶላር አይጠየቅም፤ በግዥ ሰነዱ ላይ ያለውን ቁጥር መቀየር ይበቃል።

ኢትዮጵያም በዚህ ረገድ ከዚያው ወገን ናት። የአሰብ ማጣሪያ በ1997 ሥራ ካቆመ ወዲህ የምንጠቀመው ናፍጣ ተጣርቶ ያለቀ፣ በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል በቦቴ ተጭኖ የሚመጣ ነው። የውጭ ምንዛሬው እጥረት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ እያንዳንዱ ሳንቲም በሚሊዮኖች ሊትር ሲባዛ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ሆኖም ከሌላው ሚዛን ላይ ያለውን፣ ቶሎ የሚቀየረውን ዘይት፣ የሚጣለውን ፊልትሮ፣ የሆስፒታሉን ወረፋ፣ ማንም በጨረታ ሰነድ ላይ አይጽፈውም። በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ሲከለከል «ነዳጅ አበቃለት» ያሉ ነበሩ። ከጅቡቲ ጭነት የሚያወጣው መኪና፣ የአገር አቋራጩ አውቶቡስ፣ የገጠሩ ትራክተርና የግንባታው ማሽን ግን ገና ብዙ ዓመት ናፍጣ ይጠጣሉ።

ዝቅተኛ ድኝ ናፍጣ መግዛት አንድ ሥራ ነው፤ ሳይቆሽሽ ማደያ ማድረስ ሌላ ሥራ ነው። 10,000 ሊትር ባለ 10 ፒፒኤም ናፍጣ ላይ 100 ሊትር ባለ 5,000 ፒፒኤም ቢፈስበት ጠቅላላው 60 ፒፒኤም ገደማ ይሆናል። መቶ ሊትር ማለት ቦቴ ወለል ላይ፣ ቧንቧ ውስጥ፣ ጋን ሥር ሳይጠረግ የሚቀር ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ ናፍጣው ከአውሮፕላን ነዳጅ ጋር በአንድ የምድር ቧንቧ እየተፈራረቀ ስለሚጓዝ፣ ማጣሪያዎቹ መንገድ ላይ የሚጨመረውን ቆሻሻ አስበው ናፍጣውን ከ15 በታች፣ ከ10ም በታች አውርደው ነው የሚያስረክቡት። በ50 ጣሪያ ለሚኖር አገር ሰፋ ያለ ትንፋሽ አለ፤ ያም ቢሆን ትናንት ሌላ ነዳጅ የጫነ ቦቴ ሳይጸዳ ከተላከ ድካሙ ሁሉ መና ይቀራል።

ካገለገሉ መኪኖች ጋር የተያያዘውን ነገር በአጭሩ ላንሣ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2020 እንዳስታወቀው ከ2015 እስከ 2018 ከአውሮፓ፣ ከጃፓንና ከአሜሪካ 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል መኪኖች ወደ ሌሎች አገሮች ተልከዋል፤ ከመቶው አርባ ያህሉ ወደ አፍሪካ ነው የሄዱት። ከነዚህ መካከል የናፍጣዎቹ ብዙዎቹ ፊልትሮ ያላቸው፣ ወይም ነበራቸው የሚባሉ ናቸው። ያገለገለ የናፍጣ መኪና የሚገዛ ሰው የሞተሩን ድምፅ ከመስማቱ በፊት ከሥሩ ገብቶ ፊልትሮው መኖሩን፣ ተቆርጦ የተበየደ ምልክት አለመኖሩን ይይ። ፊልትሮው ካለ ደግሞ የሚቀዳው ናፍጣ ከ50 ፒፒኤም በታች መሆኑን ያረጋግጥ፤ ካልሆነ የገዛው ውድ ጣጣ ነው።

እንዴት ያረጋግጣል? በዓይንና በአፍንጫ አይሆንም። ቀለም የሚመጣው ከድፍድፉ ዓይነትና ከሚጨመርበት ማቅለሚያ ነው። የሽታ ነገርም እንዲሁ ያሳስታል፤ ከባዶቹ የድኝ ውሕዶች እምብዛም አይሸቱም። ድኝ የሚለካው በላቦራቶሪ ነው፤ ናሙናው በኤክስሬይ ወይም በአልትራቫዮሌት ብርሃን ይመታና ድኙ መልሶ የሚያበራው ብርሃን ይቆጠራል። የኤክስሬዩ መሣሪያ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሆኖ ውጤቱን በደቂቃዎች ይሰጣል። ግለሰብ ይህን አይገዛም። እያንዳንዱ የነዳጅ መርከብ ጭነት ግን የጥራት ምስክር ወረቀት ይዞ ነው የሚመጣው፤ ወረቀቱ ላይ ሴቴን የሚባለው የአቀጣጠል መለኪያ፣ የሚነድበት ሙቀት፣ የማለስለሻ ፈተናው ጠባሳና ድኙ በየመስመራቸው ተጽፈዋል። በቦቴ የምትገዙ የትራንስፖርት ማኅበራትና የአውቶቡስ ድርጅቶች ይህን ወረቀት ከአቅራቢያችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ካገኛችሁት መካኒካችሁ ግድግዳ ላይ ይለጥፈው፤ የዘይት መቀየሪያ ኪሎሜትሩንም በድኙ መስመር ላይ ባለው ቁጥር አይቶ ይወስን።